ዋት ቢደመር ኔትወርክ አይሆንም፦ «ጉልበት ጨምሩ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በጎንደር ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። ርእሱ «ጉልበት ጨምሩ» ይላል፤ ጸሐፊው ስማቸውን አልገለጹም። ላላነበበው ሰው ፍሬ ሐሳቡን ላስቀምጥ። በከተማችን ስልክና ኢንተርኔት የሚንቀራፈፈው በማማዎቹ ላይ ያሉት ማጉያዎች ሆን ተብሎ ከአቅማቸው በታች ስለሚሠሩ ነው ይላሉ። ባለ 100 ዋቱን ማጉያ በ20 ዋት ማሠራት ብክነት ነው፤ ለዚህ የሚሰጠው «የሲግናል መዛባት» የሚባል ምክንያት በማጣሪያ ሊወገድ የሚችል ሰበብ ነው፤ ዘመኑ ደግሞ የዲጂታል ነውና 0 እና 1 አይዛባም። ኤፍ ኤም ራዲዮ በሙሉ ጉልበቱ እየሠራ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ሳተላይቶች እንኳ በአሮጌ የማጉያ ቱቦ ነው የሚሠሩት፤ የተረፈውን ሶፍትዌር ያስተካክለዋል። በመጨረሻም ሁሉም ሰው በየጣሪያው ቡስተር የሚባለውን የቤት ሲግናል ማጉያ እንዲሰቅል ይመክራሉ።

ቁጣቸው የብዙዎቻችን ቁጣ ነው። ገንዘብ ለመላክ ስልኩን ወደ ሰማይ አንጋጦ ያልቆመ ጎንደሬ የለም። ሥራዬ የራዲዮ መሣሪያ ጥገና ስለሆነ ግን ጽሑፉን ሳነብ እጄን የበላኝ ሌላ ነገር ነው፤ ከላይ ከተዘረዘሩት ነጥቦች አብዛኞቹ ግማሽ እውነት ናቸው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ከሙሉ ሐሰት ይልቅ ለማረም ያስቸግራል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ እሄዳለሁ።

ከጉልበቱ ልጀምር። «ዋቱ እጥፍ ቢሆን ሽፋኑም እጥፍ ይሆናል» ይላሉ። አይሆንም። የማጉያን ጉልበት እጥፍ ማድረግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ነው (ዴሲቤል ጉልበት ስንት እጥፍ እንዳደገ ወይም እንደወረደ የምንለካበት መስፈሪያ ነው)። ምንም መሰናክል በሌለበት ገላጣ ቦታ እንኳ ርቀት እጥፍ ሲሆን ሲግናሉ 6 ዴሲቤል፣ ማለትም ወደ ሩብ፣ ስለሚወርድ፣ እጥፍ ዋት የሚያስገኘው ርቀት 1.4 ጊዜ ብቻ ነው። ሕንፃና ኮረብታ ባለበት ደግሞ ሲግናሉ ከዚያ በፈጠነ ሁኔታ ይወድቃል፤ ትርፉም ወደ 20 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ጎንደርን ከጎሃ ኮረብታ ላይ ሆኖ የተመለከተ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፦ ከተማዋ በሸንተረርና በአንገረብና በቀሃ ሸለቆዎች የተከፋፈለች ናት። ከኮረብታ ጀርባ ያለ መንደር የጎደለው ዋት ሳይሆን ከማማው ጋር መተያየት ነው። ለዚያ መፍትሔው ሌላ ማማ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሱት ጉዳይ ነው። ግንኙነት ሁለት አቅጣጫ አለው። በአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ የማማው ማጉያ 40 ዋት ሊልክ ይችላል፤ በእጃችን ያለው ስልክ ግን ቢበዛ 0.2 ዋት ነው የሚልከው። ማማው ይህን ልዩነት የሚያካክሰው በተሻለ አንቴናና በተሻለ መቀበያ ነው፤ ሚዛኑ የሚሰላው ኔትወርኩ ሲነደፍ ነው። የማማውን ብቻ 100 ዋት ብናደርገው ስልካችን ማማውን ይሰማል፣ ማማው ግን ስልካችንን አይሰማም። በስልኩ ላይ የሚታዩት የሲግናል ዘንጎች ይሞላሉ፣ ጥሪው አይወጣም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ጸሐፊው «ባለ 100 ዋት ማጉያን በ20 ዋት ማሠራት ማታለል ነው» ያሉበት ቦታ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የጽሑፋቸው ምሰሶ ይኼ ነውና።

በሠርግ ድንኳን ውስጥ ሞንታርቦ ሲጮህ ያልሰማ የለም። ዘፋኙ ሲያንጎራጉር ድምፁ ደኅና ነው፤ ከፍ አድርጎ ሲዘፍን ግን የድምፁ አናት ተቆርጦ የሚያንቋርር ነገር ይሰማል። ማጉያው እስከ አንድ ልክ ድረስ የገባለትን ሁሉ በእኩል ያባዛል፤ ከዚያ ልክ በላይ ሲገፉት ግን የሚወጣው ነገር ከሚገባው እኩል ማደጉን ያቆማል። በእኛ ሙያ ይህን ልክ የምንለካው ማጉያው ከሚጠበቅበት በ1 ዴሲቤል ያነሰ በሚሰጥበት ነጥብ ነው። ከዚያ በኋላ ሙሌት ይመጣል፤ የፈለገውን ያህል ቢገፋ አንዲት ዋት አይጨምርም። በማማው ላይ ያለው ማጉያም ከሠርግ ቤቱ ማጉያ በዚህ አይለይም፤ ልዩነቱ የሠርጉ መዛባት ጆሮ የሚበጥሰው ድንኳኑ ውስጥ ያሉትን ብቻ ሲሆን የማማው ግን የጎረቤትን ፍሪኩዌንሲም ጭምር መበጥበጡ ነው።

ታዲያ ለምን 20 ዋት? ምክንያቱ የሲግናሉ ጠባይ ነው። በአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ ባለ 20 ሜጋኸርዝ ሲግናል በአንድ ጊዜ የሚጓጓዘው በ1,200 ቀጫጭን ተሸካሚ ሞገዶች ላይ ነው። እነዚህ ሞገዶች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ስልት ይወዛወዛሉ። ብዙውን ጊዜ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርድና ድምሩ መካከለኛ ይሆናል። አንዳንዴ ግን ብዙዎቹ በአንድ ቅጽበት አብረው ይወጣሉ፤ ያኔ ጉልበቱ ከአማካዩ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ሁሉም በአንድነት ቢወጡ 1,200 እጥፍ በሆነ ነበር፤ ይህ በተግባር አይደርስም። ነገር ግን ከ10,000 ቅጽበቶች በአንዱ 9 እጥፍ ገደማ መድረሱ የማይቀር ነው። ሲግናሉ ወደ ማጉያው ከመግባቱ በፊት በስሌት ጫፎቹ ስለሚገረዙ ይህ ወደ 5 ወይም 6 እጥፍ ይወርዳል። እንግዲህ ባለ 100 ዋቱ ማጉያ በአማካይ 20 ዋት ሲሰጥ ጫፉ 100 ዋት ይደርሳል ማለት ነው። የቀረው 80 ዋት ተዘግቶበት አልተቀመጠም፤ በእያንዳንዱ ሰከንድ ብዙ ጊዜ ሲግናሉ እየደረሰበት ይመለሳል። ጸሐፊው እንደሚሉት አማካዩን 100 ዋት ለማድረግ ከፈለግን የምንገዛው ማጉያ ባለ 500 ዋት መሆን አለበት።

በዚህ ነጥብ ላይ ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትን መሸሸግ አልፈልግም። ማጉያን ከጣሪያው በታች ማሠራት፣ በእኛ ሙያ ማፈግፈግ የምንለው፣ ኤሌክትሪክ ይበላል። ክላስ ኤ የሚባለው እጅግ ንጹሕ ማጉያ በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ እንኳ ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ከግማሽ በላይ ወደ ሲግናል ሊለውጥ አይችልም፤ 100 ዋት ጫፍ እንዲኖረው 200 ዋት ያለማቋረጥ ይጠጣል። በ20 ዋት ሲሠራም የሚጠጣው ያው 200 ዋት ነው፤ 180ው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ክላስ ቢ የተሻለ ነው፤ ከፍተኛው ምጣኔው፣ ማለትም ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ወደ ሲግናል የሚለውጠው ድርሻ፣ 78.5 በመቶ ሲሆን፣ ጉልበቱ ወደ ሩብ ሲወርድ ምጣኔው በግማሽ ይቀንሳል። መብራት በጠፋ ቁጥር ማማው በባትሪና በናፍጣ ጄነሬተር በሚቆይበት አገር ይህ ቀልድ አይደለም። እንዲያውም እኔ በጸሐፊው ቦታ ብሆን ኖሮ ጽሑፌን በዚህ ላይ እጽፍ ነበር።

ነገር ግን ዓለም ይህን ችግር አይቶ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። እ.ኤ.አ. በ1936 ዊሊያም ዶኸርቲ የተባለ የአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ መሐንዲስ ለትላልቅ የራዲዮ ማሠራጫዎች ሁለት ማጉያዎችን ያጣመረ ዘዴ አቀረበ። አንደኛው ማጉያ ዘወትር ይሠራል፤ ሁለተኛው ጫፍ ሲመጣ ብቻ ነቅቶ ያግዘዋል። በዚህም ማጉያው ከሙሌት 6 ዴሲቤል አፈግፍጎ እያለ እንኳ ምጣኔው ከፍ እንዳለ ይቆያል። ዘዴው ለረጅም ጊዜ ከማሠራጫ ጣቢያዎች ብዙም ሳይወጣ ቆይቶ፣ የጫፍና የአማካይ ልዩነታቸው ሰፊ የሆኑ የሞባይል ሲግናሎች ሲመጡ እንደገና ነፍስ ዘራ። ዛሬ በሞባይል ማማዎች ላይ በብዛት የሚገኘው ማጉያ የዚሁ የዶኸርቲ ልጅ ነው። ክርክሩ «ለምን ታፈገፍጋላችሁ» ሳይሆን «የምታፈገፍጉት በምን ዓይነት ማጉያ ነው» ቢሆን ኖሮ ከጸሐፊው ጎን እቆም ነበር።

ማጣሪያን በተመለከተ ያሉት የሁሉም ስሕተት እናት ነው። «ከማጉያው በኋላ ማጣሪያ ቢገጠም የተዛባው ይቀራል» ይላሉ። ከሚዛባው ውስጥ የሚቀር አለ፤ ዋናው ግን አይቀርም። በ1,800 እና በ1,801 ሜጋኸርዝ ላይ ሁለት ንጹሕ ድምፆችን (ነጠላ ፍሪኩዌንሲ ያላቸው ሞገዶችን) ወደ ማጉያ እናስገባ። ማጉያው ሲዛባ ከሚወልዳቸው ነገሮች መካከል እጥፋቸው የሆነው 3,600 ሜጋኸርዝ አለ፤ እሱ ሩቅ ስለሆነ ማንኛውም ማጣሪያ ያስቀረዋል። ከዚሁ ጋር ግን ከአንዱ እጥፍ ላይ ሌላው ሲቀነስ የሚገኙ 1,799 እና 1,802 ሜጋኸርዝ ይወለዳሉ። እነዚህ ከእናቶቻቸው አንድ ሜጋኸርዝ ብቻ ርቀው አጠገባቸው ተቀምጠዋል። ማጣሪያው እነሱን ይቁረጥ ቢባል እናቶቻቸውንም አብሮ ይቆርጣል።

ይህን በስፔክትረም አናላይዘር (በየፍሪኩዌንሲው ያለውን ጉልበት በስክሪን በሚያሳይ መሣሪያ) ላይ ማየት ለማንም ተማሪ ዐሥር ገጽ ከማንበብ ይበልጣል። መጀመሪያ በስክሪኑ ላይ ሁለት ቀጭን ምሰሶዎች ብቻ ይታያሉ። የሚገባውን ጉልበት ቀስ እያልን በ1 ዴሲቤል እንጨምራለን። ሁለቱ ምሰሶዎች በ1 ዴሲቤል ያድጋሉ። ከግራና ከቀኝ ግን ቀድሞ በጫጫታው ሣር ውስጥ ተደብቀው የነበሩ ሁለት አዳዲስ ምሰሶዎች ብቅ ይላሉ፤ እነሱ የሚያድጉት በ3 ዴሲቤል ነው። አንድ ሲጨመርላቸው ሦስት ይወስዳሉ። ጥቂት ቆይቶ ከእነሱም ውጭ፣ በ1,798 እና በ1,803 ላይ፣ ሌላ ጥንድ ይነሣል። ይኸው ሕግ በተቃራኒውም ይሠራል፤ 10 ዴሲቤል ስናፈገፍግ እነዚህ ከመዛባት የተወለዱ ዲቃላዎች በ30 ዴሲቤል ይወድቃሉ። ማፈግፈግ ውድ ቢሆንም የሚያዋጣው በዚህ ስሌት ነው።

እውነተኛው ሲግናል ሁለት ሳይሆን 1,200 ድምፆች ስላሉት ምሰሶ አይታይም፤ የሚታየው ጠፍጣፋ አናት ያለው ሜዳ ነው። ሲዛባ ከሜዳው ግራና ቀኝ ትከሻ ያበቅላል። 20 ሜጋኸርዝ ስፋት ያለው ሲግናል በ3 ዴሲቤል በሚያድገው (ሦስተኛ ደረጃ በሚባለው) መዛባት ብቻ እስከ 60 ሜጋኸርዝ ይንሰራፋል። ትከሻው ያረፈበት ፍሪኩዌንሲ ደግሞ የሌላ ሰው ንብረት ነው። ለዚህ ነው ዓለም አቀፉ የሞባይል መስፈርት ወደ ጎረቤት የሚፈስሰው ጉልበት ከዋናው በ45 ዴሲቤል፣ ማለትም ከ30,000 ጊዜ በላይ እንዲያንስ የሚያስገድደው። ጸሐፊው «ሰበብ» ያሉት ይህን ነው።

ስለ ዲጂታል የተባለውን ባጭሩ ልለፈው ነበር፤ ግን «0 እና 1 አይዛባም» የሚለው አባባል ከጽሑፉ ይልቅ በሰው አፍ ስለሚዘወተር ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። በአየር ላይ 0 እና 1 የሚባል ነገር አይበርም። የሚበረው ሞገድ ነው። ስድስት ስድስት ቢት (ቢት አንድ 0 ወይም 1 ነው) አንድ ላይ ታስረው በ64 ነጥቦች ሰሌዳ ላይ አንድ ቦታ ይሰጣቸዋል፤ ቦታውን የሚወስኑት የሞገዱ ከፍታና ማእዘን (በውዝዋዜው ዑደት ላይ ያለበት ቦታ) ናቸው። ማጉያው ሙሌት አጠገብ ሲደርስ በሰሌዳው ጥጎች ላይ ያሉት ነጥቦች ወደ ውስጥ ይጨመቃሉ፣ ከዚያም አልፈው ይሽከረከራሉ። መቀበያው አንዱን ነጥብ ከጎረቤቱ መለየት ያቅተዋል። በመስፈርቱ ላይ ለባለ 64 ነጥብ ሰሌዳ የተፈቀደው የነጥቦች ስሕተት 8 በመቶ ነው፤ ለባለ 256ቱ 3.5 በመቶ ብቻ። ስሕተቱ ከዚህ ሲያልፍ ኔትወርኩ አይቋረጥም፤ ብልህ ስለሆነ ደረጃ በደረጃ እስከ አራት ነጥብ ሰሌዳ ይወርዳል፤ ያኔ በአንድ ጊዜ የሚጓዘው ስድስት ቢት የነበረው ሁለት ይሆናል። ፍጥነቱ አንድ ሦስተኛ ሆነ ማለት ነው። የስልኩ ዘንጎች ግን እንደ ሞሉ ናቸው፤ ማሽላ እያረረ ይስቃል ማለት ይኼ ነው። ዘንጎቹ ሞልተው ገጹ ካልተከፈተ ምክንያቱ መዛባት ብቻ ነው አልልም፤ የተጠቃሚ ብዛትም ያንኑ ያደርጋል። ዋት መጨመር ግን ለሁለቱም መድኃኒት አይደለም።

የኤፍ ኤም ራዲዮው ማስረጃ መልካም ማስረጃ ነበር፤ ለሌላ ክርክር። ኤፍ ኤም በሙሉ ጉልበት መሥራቱ እውነት ነው። የሚሠራውም መረጃው ያለው በፍሪኩዌንሲው መወዛወዝ ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ የሞገዱም ከፍታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ስለሆነ ነው። ጫፍ የሌለው ሲግናል ጫፉ አይቆረጥበትም። የሁለተኛው ትውልድ የስልክ ድምፅም እንዲሁ ነበር፤ ያኔ ማጉያውን እስከ ሙሌቱ መግፋት ይቻል ነበር። ከፍታን እንደ መረጃ መጠቀም የጀመርነው ፍጥነት ስንፈልግ ነው፤ ዋጋውም ይኸው ማፈግፈግ ነው።

እግረ መንገዴን፣ ኤፍ ኤምም ቢሆን ከመዛባት ነፃ አይደለም። ሁለት ማሠራጫዎች በአንድ ማማ ላይ ሲሰቀሉ የአንዱ ሲግናል በአንቴናው በኩል ወደ ሌላው ማጉያ ተመልሶ ይገባል። ለምሳሌ በ104 እና በ107 ሜጋኸርዝ የሚሠሩ ሁለት ጣቢያዎች ቢኖሩ ከላይ ባየነው ስሌት 110 ሜጋኸርዝ ይወለዳል። ከ108 እስከ 118 ሜጋኸርዝ ያለው ክልል ደግሞ የአውሮፕላን መምሪያ መሣሪያዎች የሚጠቀሙበት ነው። አዘዞ ላይ የዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ያለን ሰዎች ይህን እንደ ተራ ነገር ልናየው አይገባም። እዚህ ላይ ማጣሪያ በትክክል ይሠራል፤ የሚሠራው ግን የባዕዱ ሲግናል ወደ ማጉያው እንዳይገባ በሩ ላይ ሲያስቆመው ነው።

«ሳተላይቶች በአሮጌ ቱቦ ይሠራሉ» የተባለው ስድብ መስሎ የቀረበ ሙገሳ ነው። ሩዶልፍ ኮምፕፍነር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የፈለሰፈው ተጓዥ ሞገድ ቱቦ ዛሬም በብዙ ሳተላይቶች ላይ ያለው ከፍተኛ ጉልበት ላይ ምጣኔው ከ60 በመቶ ስለሚበልጥ ነው። ኤሌክትሪክ ከፀሐይ ብቻ በሚገኝበት ቦታ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቱቦው ግን ሲዛባ ክፉ ነው፤ ከፍታውንም ማእዘኑንም አብሮ ያጣምማል። አዴል ሳሌህ የተባለ የቤል ላብራቶሪ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1981 ይህን ጠባይ በሁለት አጫጭር ቀመሮች ገልጾታል፤ ቀመሮቹ ዛሬም ድረስ የማጉያን መዛባት በኮምፒውተር ለማስመሰል የሚሞክር ተማሪ መጀመሪያ የሚጽፋቸው ናቸው። መሐንዲሶቹም ጉልበት ጨምሩ አላሉም፤ ሲግናሉን ለቱቦው አመቻቹት። አዲሶቹ የሳተላይት ሥርጭቶች ከአራት ማእዘን ሰሌዳ ይልቅ ነጥቦቹን በክብ ክብ መደርደር የመረጡት ከፍታዎቹ ጥቂት እንዲሆኑ ነው። ለአንድ ማጉያም አንድ ተሸካሚ ሞገድ ብቻ ሲሰጡት ወደ ሙሌቱ ተጠግቶ እንዲሠራ ይፈቅዱለታል፤ ብዙ ሞገዶች ሲጭኑበት ያፈገፍጉታል። ዲሻችንን ኢትዮሳት ወደሚባለው ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ያዞርን ሁሉ የዚህ ጥንቃቄ ተጠቃሚዎች ነን።

አሁን ሶፍትዌሩ። ጸሐፊው «ቀድሞ ማዛባት» የሚባል ዘዴ እንዳለ ሰምተዋል፤ እውነት ነው፣ አለ። ማጉያው የሚያጠምበትን አቅጣጫ አውቆ ሲግናሉን አስቀድሞ በተቃራኒው ማጣመም ነው፤ ሁለቱ ጥመቶች ይጠፋፋሉ። መዛባትን በማረም ጉዳይ ታሪኩ ረጅም ነው። የቤል ላብራቶሪው መሐንዲስ ሃሮልድ ብላክ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2 ቀን 1927 ሃድሰን ወንዝን በጀልባ ተሻግሮ ወደ ሥራው ሲሄድ ወጪውን ከመግቢያው ጋር እያስተያዩ የማረምን ሐሳብ በያዘው ጋዜጣ ገጽ ላይ ሣለው። ያስጨነቀው የስልክ መስመር ነበር፤ ብዙ ጥሪ በአንድ ማጉያ ሲያልፍ አንዱ ከሌላው ይደባለቃል፣ ማጉያው በተደጋገመ ቁጥርም ይብሳል። የዛሬውም ችግር ከዚያ አይርቅም።

ግን ሶፍትዌሩ ሦስት ነገሮችን አይችልም። የሙሌትን ጣሪያ አያነሣም፤ 100 ዋት ላይ የቆመን ማጉያ 101 እንዲሰጥ ማንም ስሌት አያሳምነውም። ትከሻውን ለማረም ትከሻውን ማየት ስላለበት ከሲግናሉ ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ የሚሰፋ መቀበያ በማማው ላይ ይጠይቃል፤ ያ ደግሞ ራሱ ኤሌክትሪክ ይበላል። ሦስተኛው ከሁሉ ይከፋል፤ ማጉያው ትዝታ አለው። ትራንዚስተሩ አሁን የሚሰጠው ነገር አሁን በገባው ብቻ ሳይሆን ትንሽ ቀደም ብሎ በገባውና በደረሰበት ሙቀት ይወሰናል። ከቀትር ፀሐይ ወደ ሌሊት ቅዝቃዜ ሲሻገር ጠባዩ ይለወጣል፤ ስሌቱም እየተከተለ መማር አለበት። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምትገኝ አየራችን ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ያው ማራገቢያ በዚህ ከፍታ የሚያነሣው ሙቀት ያንኑ ያህል ያንሳል። ማጉያውን ከልኩ በላይ ግፉት የሚል ሰው ይህን አብሮ ማሰብ ይኖርበታል።

ደግሞ ይህ ሶፍትዌር የማይደርስበት ሌላ መዛባት አለ፤ ጸሐፊው አላነሡትም፣ እኔ ግን በሥራዬ ከማጉያው ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚያደክመኝ እሱ ነው። ዲቃላ ፍሪኩዌንሲ ለመውለድ ማጉያ የግድ አያስፈልግም። የላላ ኮኔክተር፣ የዛገ ብሎን፣ በሁለት ብረቶች መካከል የገባ ቀጭን የዝገት ልባስ ይበቃል። ክረምቱ ወጥቶ ማማ ላይ ሲወጣ ከአንቴናው ሥር ያለው የኬብል መጋጠሚያ መሸፈኛው ተሰንጥቆ ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ይዞ ይገኛል። ሁለት ባለ 20 ዋት ድምፆች ልከን የሚመለሰውን እያየን መጋጠሚያውን በፕላስቲክ መዶሻ ቀስ አድርገን እንመታዋለን፤ ጤነኛ ከሆነ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም፤ የታመመ ከሆነ በእያንዳንዱ ምት ይዘላል። ይህ ዲቃላ ማማው ስልኮችን በሚያዳምጥበት ፍሪኩዌንሲ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ የ0.2 ዋቷ ስልካችን ድምፅ ይዋጣል። በዚህ ላይ ጉልበት ጨምሩበት፤ ከላይ እንዳየነው ዲቃላው ከጉልበቱ ፈጥኖ ያድጋል። መፍትሔው መጋጠሚያውን ፈቶ ማጽዳት፣ ወይም መለወጥ፣ ከዚያም በልኩ ማጥበቅ ነው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ጸሐፊው ለጥምቀት የሰጡትን ምሳሌ አልዘነጋሁም። ጥር 11 ቀን በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ስልክ እንደማይሠራ ጽፈዋል፤ ልክ ናቸው። ሆኖም እዚያ ያለው ሕዝብ ለማማው ቅርብ ነው፤ ሲግናል አልጎደለውም። የጎደለው ተራ ማግኘት ነው። አንድ ጣቢያ ያለውን የፍሪኩዌንሲ ስፋት ለሺሕዎች ሲያካፍል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው እፍኝ አይሞላም። ማማው ጮክ ብሎ ቢናገር የፍሪኩዌንሲው ስፋት አይጨምርም፤ እንዲያውም የአጎራባች ማማዎችን ተጠቃሚዎች ይረብሻል። ለእንዲህ ያለው ቀን የሚረዳው በመኪና ላይ የሚቆም ጊዜያዊ ጣቢያ ማምጣትና ቦታውን በጠባብ ጠባብ አንቴናዎች መከፋፈል ነው። ይህን ቢጠይቁ ኖሮ ፊርማዬን እጨምር ነበር።

የቀረው ቡስተር ነው፤ በዚህ ግን አልስማማም ብቻ ብዬ አላልፍም፤ ምክሩ ጉዳት አለው። ከገበያ የሚገዛው ርካሽ ቡስተር ራሱ ማጉያ ነው፤ መዛባቱን የሚከታተልለት ሶፍትዌር የለውም፣ የተፈተነበት መስፈርትም በሳጥኑ ላይ የለም። የጣሪያው አንቴና የቤቱን ውስጥ አንቴና ከሰማው፣ በአንድ ቤት ተቀራርበው ሲሰቀሉ ደግሞ አንዱ ሌላውን መስማቱ ብዙ ጊዜ አይቀርም፣ ቡስተሩ የራሱን ድምፅ እያጎላ ያለማቋረጥ መጮህ ይጀምራል። ጩኸቱን ማማው ይቀበለዋል፤ የማማው መቀበያ ሲታፈን ሰፈሩ በሙሉ ከድጡ ወደ ማጡ ይገባል። ባለ ቡስተሩ ቤት ግን ዘንጎቹ ሞልተው ስለሚታዩት ጎረቤቶቹ የሚያማርሩት ለምን እንደሆነ አይገባውም። ፍሪኩዌንሲን የማስተዳደር ሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተሰጠ ስለሆነ፣ ያልተፈቀደ ማጉያ ጣሪያ ላይ መስቀል የግል ጉዳይ አይደለም።

ቡስተር የሰቀላችሁ ካላችሁ ለአንድ ምሽት ከሶኬት ንቀሉትና ጎረቤቶቻችሁን ጠይቁ። ስልካችሁ ቤት ውስጥ ብቻ የሚቸገር ከሆነ በመስኮት በኩል ሞክሩት፤ ቆርቆሮና ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ሲግናል ያዳክማሉ። መንደሩ በሙሉ የሚቸገር ከሆነ ደግሞ ቦታውን፣ ሰዓቱንና ዘንጎቹ ስንት እንደነበሩ ጽፋችሁ ለአገልግሎት ሰጪው አመልክቱ፤ «ኔትወርክ የለም» ከሚል አቤቱታ ይልቅ «ዘንጎቹ ሙሉ ናቸው፣ ጥሪ ግን አይወጣም፣ የጀመረውም ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ነው» የሚል አቤቱታ ባለሙያውን በቀጥታ ወደ መጋጠሚያው ይልከዋል።